ያገለገለ የጌም ኮምፒውተሬ ጨዋታ መሃል ድርግም ይላል፤ የቱን ልቀይር? ቀጥሎስ የቱን ላሻሽል?

የማታ ተጫዋች

ሰላም ለሁላችሁ። ከስምንት ወር በፊት ያገለገለ የጌም ኮምፒውተር ገዝቼ ነበር። እስካሁን ደስ ብሎኝ ነው የተጫወትኩበት። ውስጡ ያለው ይሄ ነው፦ ራይዘን 5 1600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ባለ 6 ጊጋ ጂቲኤክስ 1060፣ 16 ጊጋ ዲዲአር4 ራም (ሁለት ባለ 8፣ ብራንዳቸው የተለያየ)፣ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 500 ዋት ይላል።

ችግሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከባድ ጌም ከፍቼ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ስጫወት ድርግም ይላል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ መልእክት የለም፣ ገመዱን ሰው የነቀለው ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ሰሞን ወዲያው ሳበራው ይነሳ ነበር። አሁን ግን ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ገመዱን ነቅዬ ግማሽ ሰዓት ስተወው ተመልሶ ይነሳል። ኢንተርኔት ስጠቀምና ፊልም ሳይ ምንም አይሆንም።

ግራፊክስ ካርዱ የሞተ መስሎኛል። ለማረጋገጥ ካርዱን ነቅዬ የስክሪኑን ገመድ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁት። እንደገና ጥቁር! ማዘርቦርዱም አብሮ ሄዷል ማለት ነው? ያጠራቀምኳት ገንዘብ ለአንድ ካርድ ትበቃለች። ከማውጣቴ በፊት ልጠይቃችሁ ብዬ ነው።

ፍሬም ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ስለ ማዘርቦርዱ ልብህን ልመልስልህ። ራይዘን 5 1600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የስክሪን መሰኪያ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ግራፊክስ ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ደህና ቢሆንም ስክሪኑ ጥቁር ነው የሚሆነው። ያ ሙከራ ምንም አልነገረህም። ካርዱን ቦታው መልሰው።

ብሎን ፈቺ

ልጄ፣ ካርድ ለመግዛት አትቸኩል። ይህንን ሥራ ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ሰው በጣም የሚከስረው በግምት ዕቃ ሲቀይር ነው።

ኮምፒውተር የሚጠፋበት መንገድ ራሱ ይናገራል። ካርድ ሲታመም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያሳውቃል። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብና መስመር ይመጣል፣ ምስሉ ይበላሻል፣ ወይም ድራይቨሩ ወድቆ ይነሳል። ራም ሲታመም ሰማያዊ ስክሪን ይበዛል፣ ጌሙ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ያንተ ግን ጫና ሲበዛበት በአንድ ጊዜ ነው የሚጠፋው። ይሄ በአብዛኛው ወይ ኃይል ነው ወይ ሙቀት። ካርዱ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም አልልህም፤ ውስጡ ሾርት የሠራ ካርድም ፓወር ሰፕላዩን ያስጠፋዋል። ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ አይደለም።

ሙቀቱን ማጣራት ቀላል ነው። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ጫነውና ወደ ፋይል እንዲመዘግብ አድርገህ ተጫወት። ከጠፋብህ በኋላ የፋይሉን የመጨረሻ መስመሮች እይ። የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 95 ዲግሪ ነው። እዚያ ተጠግቶ ከጠፋ የደረቀ ቴርማል ፔስት ወይም የቆመ ፋን ፈልግ። 70 አካባቢ እያለ ከጠፋ ሙቀቱን ተወው።

ዊንዶውስ ኢቨንት ቪውር (ዊንዶውስ የገጠመውን የሚመዘግብበት) ውስጥ ከርነል ፓወር 41 የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ። ብዙ ሰው እሱን ሲያይ ፓወር ሰፕላዩ ተበላሸ ብሎ ይደመድማል። ቁጥሩ የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ተነሳ ነው፤ ሌላ ነገር አይልም። ምክንያቱን ከእሱ አትጠብቅ።

ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብብልኝ። 500 የሚለውን ትልቁን ቁጥር እርሳው። 12 ቮልት ስር ስንት አምፔር ይላል? ሳጥኑን ራሱን ግን እንዳትከፍተው። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

የማታ ተጫዋች

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ መዘገብኩት። ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ 68፣ ካርዱ 71 ዲግሪ ነበሩ። ሰንጠረዡ ላይ 12 ቮልት ስር 25 አምፔር ይላል። 500 ዋቱ ከየት እንደመጣ አልገባኝም።

ብሎን ፈቺ

ቮልቱን በአምፔሩ አባዛው። 12 በ25 ሲባዛ 300 ዋት ነው። የቀረው በ3.3 እና በ5 ቮልት መስመሮች ላይ የተቆጠረ ነው፤ የዛሬ ኮምፒውተር ደግሞ ከእነሱ የሚወስደው ትንሽ ነው። ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ ነው። አንተ 500 ብለህ የምታስበው ዕቃ ለጌም ሲሆን ባለ 300 ነው።

ጂቲኤክስ 1060 በፋብሪካው ልክ 120 ዋት ነው። ፕሮሰሰርህ 65 ይባላል፤ ሲጨነቅ ከዚያ ያልፋል። ፋኑም ዲስኩም ተደምሮ 300 አይሞላም፤ ስምንት ወር ያጫወተህም ለዚህ ነው። ግን ካርድ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ይስባል። ካፓሲተር ደግሞ በሙቀትና በዕድሜ ይደክማል። አዲስ ሳለ የተሸከመውን ጫና ዛሬ ላይሸከመው ይችላል። ከግማሽ ሰዓት ዕረፍት በኋላ መነሳቱም ጥርጣሬዬን ያጠነክረዋል።

አሁንም አትግዛ። ከሰው ፓወር ሰፕላይ ተዋስና ያንኑ ጌም አንድ ሰዓት ተጫወት። የፓወር ሰፕላዩን አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኝተህ ሞክር የሚሉህን አትስማ። እሱ ፋኑ እንደሚዞር እንጂ ጫና እንደሚችል አያሳይም።

የማታ ተጫዋች

ጓደኛዬ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው፤ ዛሬ ማታ ይዞልኝ ይመጣል። የእኔም የእሱም ገመዳቸው የሚነቀል ዓይነት ነው። የእኔ ገመዶች ከኬዙ ጀርባ በሥርዓት ታስረዋል፤ እነሱን መፍታት ስለሚከብድ ሳጥኑን ብቻ ቀይሬ በነበሩት ገመዶች ልሞክረው ነው። መሰኪያቸውን አየሁት፣ ይገጥማል።

ሰማያዊ ስክሪን

ቆይ! እንዳታደርገው! ይህን ሳታነብ እንዳታበራው!

በማዘርቦርዱና በካርዱ በኩል ያለው መሰኪያ ስታንዳርድ አለው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን የለውም። እያንዳንዱ አምራች፣ አንዳንዴም የአንዱ አምራች የተለያዩ ሞዴሎች፣ ሽቦዎቹን በየራሳቸው ቅደም ተከተል ነው የሚያስቀምጡት። ፕላስቲኩ ስለገጠመ ብቻ 5 ቮልት የሚጠብቀው ሽቦ ላይ 12 ቮልት ይገባል። ኤስኤስዲህና ሃርድ ዲስክህ በዚያው ሰከንድ ይቃጠላሉ።

በእኔ ደርሷል። ሁለት ዲስክ በአንድ ጊዜ አጣሁ። አንዱ ላይ የስድስት ዓመት ፎቶ ነበረበት፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ ነው። ለዚህ ነው እንዲህ የምጮህብህ።

የጓደኛህን ፓወር ሰፕላይ ከነገመዱ ውሰድ። የአንተን ገመዶች በሙሉ አውጣ፣ አንድም እንዳይቀር። ለሙከራ ስለሆነ ከኬዙ ጀርባ ማሰር አያስፈልግህም፤ ኬዙን ክፍት አድርገህ አንጠልጥለው።

የማታ ተጫዋች

እህቴ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ጓደኛዬ በር ላይ ሲደርስ ነው ያነበብኩት። ገመዶቹን ትቷቸው ስለመጣ መልሼ ላክሁት።

የማታ ተጫዋች (በማግስቱ)

በጓደኛዬ ፓወር ሰፕላይ ከነገመዱ ሦስት ሰዓት ተጫወትኩ። አንዴም አልጠፋም! ካርዱ ደህና ነው፣ ማዘርቦርዱ ደህና ነው። ልገዛው የነበረው ካርድ በዚያ ፓወር ሰፕላይ ላይ ቢገባ ምን ይሆን እንደነበር እያሰብኩ ነው።

አሁን ፓወር ሰፕላይ ልግዛ። ምን ልፈልግ? ወደፊት ፕሮሰሰሩንም ካርዱንም ማሻሻል ስለምፈልግ ሁለቴ መግዛት አልፈልግም።

ብሎን ፈቺ

እሱን አስበህ መግዛትህ ጥሩ ነው። ከ550 እስከ 650 ዋት ያለው ይበቃሃል። አሁንም ሰንጠረዡን አንብብ፦ 650 የሚል ዕቃ 12 ቮልት ላይ ብቻውን ወደ 54 አምፔር ከሰጠ እውነተኛ 650 ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ስለ ብቃት ነው የሚናገረው፤ ከግድግዳው ከሚወስደው ውስጥ ምን ያህሉን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ። ስለ መከላከያው ወይም ስለ ካፓሲተሮቹ ጥራት ምንም አይልም። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ አይተህ አትግዛ። የሞዴሉን ሙሉ ስም ይዘህ በመሣሪያ የፈተኑት ሰዎች የጻፉትን ፈልግ። የዋስትናውን ዓመትም እይ፤ ረጅም ዋስትና የሰጠ አምራች በዕቃው ይተማመናል።

ሌላው ሁሉ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለኝም። ፓወር ሰፕላይ ግን አዲስ ግዛ። ዕድሜውን ከውጭ አይተህ የማታውቀው ዕቃ እሱ ነው፤ ሲሞት ደግሞ ሌላውን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የማታ ተጫዋች (ከ9 ቀን በኋላ)

አዲሱ ባለ 650 ገባ። መጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ቆመ። ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ወይም ድሮም ነበረና አሁን ነው ያየሁት። በቀን አንዴ ያህል ጌሙ ራሱን ይዘጋል። ሁለት ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አይቻለሁ፤ ሁለቱም ሜሞሪ ማኔጅመንት የሚል ነው። አዲሱ ዕቃ ይሆን እንዴ?

ሰማያዊ ስክሪን

አይመስለኝም። ድሮ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ስለማትጫወት ሳታየው ቀርተህ ይሆናል። ሁለቱ ራሞችህ የተለያዩ ናቸው ብለሃል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ግባና ፍጥነታቸው ስንት ላይ እንደተቀመጠ እይ።

የማታ ተጫዋች

ኤክስኤምፒ በርቷል፣ 3200 ይላል። የሸጠልኝ ሰው ያበራው መሆን አለበት።

ሰማያዊ ስክሪን

ኤክስኤምፒ ራሙን ከመደበኛው በላይ፣ አምራቹ በጻፈለት ፍጥነት የሚያስሄድ ቅንብር ነው። እንግዲህ ሁለት ተጠርጣሪ አለን። ኤኤምዲ ለራይዘን 5 1600 በይፋ ያሰፈረው የራም ፍጥነት እስከ 2667 ነው። ከዚያ በላይ የሚሄድ ብዙ አለ፣ የማይሄድም አለ። ስለዚህ ስህተቱ ከፍጥነቱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከሁለቱ ራሞች አንዱ በእውነት ተበላሽቷል። ሁለቱን የምትለየው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ኤክስኤምፒውን አጥፋው፤ ራሙ ወደ መደበኛ ፍጥነቱ ይመለስ። ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86 ፕላስን ፍላሽ ላይ ጫንና ከፍላሹ አስነሳው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ። ስህተት ካልተገኘ ራሙ ደህና ነው፣ ፍጥነቱ ነው ያስቸገረው። በመደበኛ ፍጥነትም ስህተት ካለ ራሞቹን አንድ በአንድ ሞክር። አንዱን ብቻ ከፕሮሰሰሩ ወዲህ ስትቆጥር ሁለተኛው መሰኪያ ላይ አስገባ። ስህተት ያመጣውን ራም ወስደህ ሌላ መሰኪያ ላይ ድገመው። ስህተቱ ራሙን ከተከተለ ራሙ ነው። መሰኪያው ላይ ከቀረ ቦርዱ ነው፤ ያኔ መሰኪያውን በደንብ አጽዳና ድገም።

አንድም ስህተት ቢሆን ስህተት ነው። ሁለት ብቻ ነው ብለህ እንዳታልፈው። ራም የሚያበላሸው ጌሙን ብቻ አይደለም፤ የምታስቀምጠውንም ፋይል ሳታውቀው ያበላሸዋል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ሁለት ራም ለምን ከአንድ ይሻላል? እኔ ባለ 16 አንድ ብቻ ነው ያለኝ።

ፍሬም ቆጣሪ

ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ያነባል። ራይዘን ላይ ልዩነቱ በፍሬም (በሰከንድ በሚታየው የምስል ብዛት) ይታያል፤ በተለይ ፍሬሙ በድንገት ዝቅ የሚልባቸው ቦታዎች ላይ። አራት መሰኪያ ካለህ ከፕሮሰሰሩ ወዲህ 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰካቸው። የቦርዱን መምሪያ አይተህ አረጋግጥ።

የማታ ተጫዋች (ከ3 ቀን በኋላ)

ተገኘ! በመደበኛ ፍጥነትም ስህተት አለ። አንዱ ራም በሁለቱም መሰኪያ ላይ ስህተት ያመጣል፤ ሌላኛው በሁለቱም ንጹሕ ነው። አሁን በንጹሑ በአንዱ ብቻ እየሠራሁ ነው። ጌሙ ትንሽ ይጎተታል እንጂ አንዴም አልተዘጋም።

ለሌላኛው ጥንድ የሚሆን ባለ 8 ልግዛለት?

ፍሬም ቆጣሪ

አትግዛ። ማሻሻሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ማሸጊያ የመጣ ሁለት ባለ 16፣ 3200 የሚል ግዛ። አብረው የተፈተኑ ስለሆኑ የመስማማት ችግር አይገጥምህም። አሁን ያለው ፕሮሰሰርህ 3200 ላይ ካስቸገረ 2933 ወይም 2666 ላይ አድርገው። ፕሮሰሰሩን ስትቀይር ያው ራም 3200 ላይ ይሄዳል። የዛሬው ጥገና የነገው ማሻሻያ አካል ይሆንልሃል።

እግረ መንገድህን የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ከፍተህ ሃርድ ዲስኩን እይልኝ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ዕቃ ከደከመ ሦስተኛውን ማየት አይከፋም።

የማታ ተጫዋች

ኤስኤስዲው ሰማያዊ ነው፣ ጥሩ ይላል። ሃርድ ዲስኩ ግን ቢጫ ሆኗል። ሲ5 የሚለው መስመር ላይ 24 አለ።

ብሎን ፈቺ

ሲ5 ማለት ዲስኩ ሊያነባቸው የተቸገረና ገና ያልወሰነባቸው ሴክተሮች ናቸው። ዛሬውኑ የምትፈልገውን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጥ። መጀመሪያ መገልበጥ፣ ምርመራው ከዚያ በኋላ። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር የሚመረምር ፕሮግራም የደከመውን ዲስክ ይብስ ያደክመዋል። ጌሞቹን ተዋቸው፣ እንደገና ይወርዳሉ።

በምትኩ ሃርድ ዲስክ አትግዛ፣ ኤስኤስዲ ይሁን። በሳታ ገመድ የሚሄደው እስከ 550 ሜጋባይት በሰከንድ ያነባል፤ ቦርዱ ላይ የሚሰካው ኤንቪኤምኢ በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ወደ 3500 ይደርሳል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል። ጌም ሲከፈት ግን ሕይወትህን የሚቀይረው ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ መሄድህ ነው፤ በሁለቱ ኤስኤስዲዎች መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ በጣም ያንሳል። ኤንቪኤምኢ ከመረጥክ የቦርዱን መምሪያ አንብብ። አንዳንድ ቦርድ ላይ እሱ ሲሰካ አንድ ወይም ሁለት የሳታ መሰኪያ ሥራ ያቆማል፤ ሰው ዲስኬ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል።

ዝምተኛ ፋን

ሁሉንም አነበብኩት። በቅንነት የምለው ነው፦ ፓወር ሰፕላይ፣ ራም፣ ዲስክ እያልክ አንድ በአንድ ከምትቀይር ያለውን ሸጠህ ወደ ኤኤም5 (የኤኤምዲ አዲሱ የፕሮሰሰር ሶኬት) ብትሄድ አይሻልም? ራይዘን 5 1600 የ2017 ዕቃ ነው። ከዘጠኝ ዓመት ወዲያ ላለ ሶኬት አዲስ ራም መግዛት አልዋጥልህ አለኝ።

ፍሬም ቆጣሪ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ኤኤም5 እለው ነበር። እሱ ግን ከዜሮ አይደለም የሚጀምረው። ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም ሦስቱንም በአንድ ቀን መግዛት አለበት። አሁን ባለበት ቦርድ ግን አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ቀይሮ ሦስት ትውልድ ይዘላል።

የኤኤም4፣ ማለትም የአሁኑ ሶኬትህ፣ ትልቁ ጸጋ ይሄ ነው። በ1600 ውስጥ 16 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) አለ፤ ግን ለሁለት ተከፍሎ 8 እና 8 ነው፣ ኮሮቹም ሦስት ሦስት ሆነው ተለያይተዋል። አንዱ ወገን ሌላኛው ጋ ያለውን መረጃ ሲፈልግ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በ2022 የወጣው ራይዘን 5 5600 ስድስቱንም ኮር በአንድ ላይ አድርጎ 32 ሜጋባይት ሰጥቷቸዋል። እሱም ባለ 65 ዋት ነው። ጌም ይህን በጣም ይወዳል።

ስሙ የሚመሳሰል አለና ተጠንቀቅ። 5500 እና 5600ጂ ኤል3 ካሻቸው 16 ነው። አንድ ፊደል ወይም አንድ አሃዝ ብታሳስት የካሹ ግማሽ ይቀርብሃል። አቅምህ ከፈቀደ ከላይ 5800ኤክስ3ዲ አለ፤ 96 ሜጋባይት ነው፣ ግን የሚሞቅ ስለሆነ ጥሩ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል።

የማታ ተጫዋች

ካርዱን ነበር ቀድሜ ላሻሽል ያሰብኩት። ፕሮሰሰሩ ይቅደም እያልከኝ ነው?

ፍሬም ቆጣሪ

እሱን እኔ አልነግርህም፣ ኮምፒውተርህ ይነግርሃል። የምትጫወተውን ጌም ክፈትና የካርዱን አጠቃቀም በመቶኛ እይ። ከዚያ ሬዞሉሽኑን በጣም ዝቅ አድርገው። ፍሬሙ ከጨመረ ካርዱ ነው የያዘህ። ባለበት ከቀረ ፕሮሰሰሩ ነው። የስክሪንህንም ሄርዝ ንገረን፤ ባለ 60 ስክሪን 120 ፍሬም አያሳይህም።

የማታ ተጫዋች

ስክሪኔ ባለ 75 ሄርዝ ነው። የተኩስ ጌሙ ላይ ካርዱ 98 በመቶ ነው፤ ሬዞሉሽኑን ስቀንሰው ከ54 ፍሬም ወደ 83 ወጣ። የስትራቴጂ ጌሙ ላይ ግን ካርዱ 50 በመቶ ብቻ ነው፤ ብቀንሰውም 34 ላይ ቀረ። የበለጠ የምጫወተው ስትራቴጂውን ነው።

ሰማያዊ ስክሪን

እንግዲያው ፕሮሰሰሩ ይቅደም። ሌላም ምክንያት አለ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2025 ላይ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 1600ን አይቀበልም፣ 5600ን ይቀበላል። ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ኤፍቲፒኤም የሚባል የደኅንነት ክፍል ታበራለህ። ዲስክህ በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ሳትጽፍ ባዮስም ፕሮሰሰርም አትንካ፤ ሲቀየሩ ቁልፉን ሊጠይቅህ ይችላል።

የካርዱንም ነገር ቀጥሎ አስብበት። ጂቲኤክስ 1060 ፓስካል ከሚባለው ትውልድ ነው፤ ኢንቪዲያ ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር ለዚህ ትውልድ አቁሟል፣ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው የቀረው። ዛሬ ይሠራል፤ ነገ በሚወጣ ጌም ላይ ግን አትተማመንበት።

ብሎን ፈቺ

ፕሮሰሰሩን ስትቀይር ሦስት ቦታ ላይ ተጠንቀቅልኝ።

አሮጌው ፕሮሰሰር እንዳለ ባዮሱን አዘምን። አውጥተህ አዲሱን ከከተትክ በኋላ ባዮሱ ካላወቀው ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ትቸገራለህ። ከቦርዱ አምራች ገጽ ላይ የፕሮሰሰሮቹን ዝርዝር አውጣ፣ 5600 ከየትኛው ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ እይ። አንዳንዱ ቦርድ መጀመሪያ መካከለኛ ቁጥር ላይ እንድትቆም ይጠይቃል። አንዳንዱ ወደ ኋላ አይመልስህም። ማስታወሻውን እስከ መጨረሻ አንብበው። ይህንን ራሙ ንጹሕ ሆኖ ኃይሉም አስተማማኝ ሆኖ ካልሆነ አትጀምረው። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ያስቀየርኩህ አንዱም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ማቀዝቀዣው ነው። ፔስቱ ስለሚደርቅ ቀጥ አድርገህ ስትስበው ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ አብሮ ይወጣል። የዚህ ሶኬት ፒኖች ፕሮሰሰሩ ላይ ነው ያሉት፤ ይጣመማሉ። መጀመሪያ አንድ ሃያ ደቂቃ ጌም ተጫወት፣ ይሙቅ። አጥፋው፣ ገመዱን ንቀል፣ ማሰሪያውን ፍታ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ግራ ቀኝ ቀስ እያደረግክ አዙረው። ሲላቀቅ ይሰማሃል። ያኔ አንሳው።

ሦስተኛው፣ ያገለገለ ፕሮሰሰር ከሆነ ከመክፈልህ በፊት ፒኖቹን በብርሃን ከጎን እይ። መስመሩ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ያልገባ ፕሮሰሰር በጣት አይጫንም፤ በራሱ ክብደት ነው የሚቀመጠው።

የማታ ተጫዋች (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ጋሼ፣ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 5600 ገባ። ባዮሱን ሁለት ደረጃ ነው ያዘመንኩት፤ ልክ እንዳሉኝ የእኔ ቦርድ መካከለኛውን ጠየቀ። ማቀዝቀዣው ከተሞቀ በኋላም ጠንክሮ ነበር። ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ካዞርኩት በኋላ ተላቀቀ፣ ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ውስጥ ቀረ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ራሙ በ1600 ላይ 2933 ነበር የሚሄደው፤ 3200 ላይ ሜምቴስት ስህተት ያሳይ ነበር። አሁን በ5600 ላይ 3200 ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ንጹሕ አደረ። የስትራቴጂ ጌሙ ከ34 ወደ 61 ፍሬም ወጣ፤ ካርዱ ያው የድሮው ነው! የተኩስ ጌሙ ግን 54 የነበረው 56 ነው፣ እንደጠበቅነው።

አሁን ለካርዱ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ። ያገለገለ አርኤክስ 6600 እና ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 አይቻለሁ።

ፍሬም ቆጣሪ

ሁለቱም ከአሁኑ በጣም ይሻሉሃል፤ ፓወር ሰፕላይህም ሁለቱንም ይችላል። 6600 ባለ 132 ዋት ነው፣ 3060 ባለ 170። 6600 ቀዝቃዛና ቆጣቢ ነው፣ ግን ከቦርዱ ጋር መረጃ የሚለዋወጠው በስምንት መስመር ብቻ ነው። ቦርድህ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ስለሆነ አንዳንድ ጌም ላይ ትንሽ ይቀንስብሃል። ቪዲዮ የምታቀናብር ወይም ብዙ የካርድ ሜሞሪ የሚጠይቅ ጌም የምትጫወት ከሆነ ወደ 3060 አደላልሃለሁ። ግን ባለ 12 ጊጋው መሆኑን አረጋግጥ። በኋላ የወጣ ባለ 8 ጊጋ 3060 አለ፤ ሜሞሪው ብቻ ሳይሆን የሜሞሪው መንገድም ጠብቧል፣ ስሙ ግን ያው ነው።

ያገለገለ ካርድ ስታይ ሻጩ ፊትህ ግማሽ ሰዓት በጫና ያሠራው። ፋኑ ሲዞር የሚንገራገር ድምፅ ካለ፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጠብጣብ እንኳ ብልጭ ካለች ተወው። ከኢንቪዲያ ወደ ኤኤምዲ ከሄድክ የድሮውን ድራይቨር ዲዲዩ በሚባለው የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም ጠርገህ አስወጣ።

ሰማያዊ ስክሪን

የኬዝህንም ውስጥ ለካ፤ ከኋላው ግድግዳ እስከ ፊት ፋኑ ድረስ። ባለ ሦስት ፋን ካርድ ብዙ ጊዜ ከ30 ሳንቲሜትር ያልፋል።

የማታ ተጫዋች

አሁን ለካሁት፣ 29 ሳንቲሜትር ነው። የሃርድ ዲስኩ መደርደሪያ ነው የያዘው። ሃርድ ዲስኩ ስለወጣ መደርደሪያው ምንም አይሠራም፤ አራት ብሎን ነው። ማታ እፈታውና እንደገና እለካለሁ።